ከጽዋው የቀሩት አሥራ አንድ ስሞች

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ጋቢ አለበሱኝ። የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ተራ በተራ እየተነሡ «እትዬ ሙሉ ቁጥር አዋቂ ናት፤ ከእጇ የተሳሳተ ሪፖርት ወጥቶ አያውቅም» እያሉ ሲያሞግሱኝ አንገቴን ደፍቼ ተቀመጥኩ። ትሕትና መስሏቸው ይሆናል። ኧረ የምን ትሕትና! አፍሬ ነው እንጂ። ከእጄ የተሳሳተ ሪፖርት ወጥቷል፤ ፊርማዬም አለበት። በዚያ ሪፖርት ምክንያት ብርቄ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት የሚገባትን እህልና ዘር አጥታ ከአገሯ ተነቅላለች፤ የበኩር ልጇም ባሕር ተሻግራ ድምጿ ጠፍቷል። ይህን ከእኔ፣ ከአንድ አለቃዬ፣ ከአንድ የቀበሌ ሊቀ መንበርና አሁን በሕይወት ከሌሉት መምህሬ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። እነሆ እጽፈዋለሁ። መጻፉ ይቀልለኛል ብዬ አይደለም፤ እስካሁን ምንም አልቀለለኝም።

ሥራ የጀመርኩት ደብረ ኤልያስ ነው፣ በታይፒስትነት። የተማሪነት ሒሳቤ የሚያሳፍር ነበር፤ ጣቴ ግን ፈጣን ነው። በዚያ ዘመን ሠንጠረዥ በታይፕ መምታት ራሱን የቻለ ሙያ ነበር። ዓምዱን በጣት እየለኩ፣ ካርቦኑ እንዳይንሸራተት እየጠበቁ፣ አንዲት ዜሮ ከመስመሯ ስትወጣ ሦስቱንም ቅጂ ቀድዶ እንደገና መጀመር ነው። ቁጥሩ ምን እንደሚል ጠይቄ አላውቅም። ቁጥር ለእኔ ወረቀት ላይ ቀጥ ብሎ መቆም ያለበት ነገር ነበር፣ በቃ። ከዚያ ወደ ደምበጫ፣ ቀጥሎም ወደ ደጀን ተዛወርኩ። ኮምፒውተር ሲመጣ ታይፒስት የሚባለው መደብ ታጠፈና በአንድ ደብዳቤ የመረጃ ሠራተኛ ሆንኩ። ደመወዜ ትንሽ ከፍ አለች፤ እውቀቴ ግን እዚያው የነበረችበት ቀረች።

አለቆቼን በስም አላነሣም፤ የትኛው የት እንደነበረም አልናገርም። አንዱ ሪፖርት ሲፈርም የሚያየው የመጨረሻዋን መስመር ብቻ ነበር። ሌላው «ባለፈው ዓመት ስንት ነበር?» ይልና፣ «በይ ትንሽ ከፍ አድርጊው፤ ቁልቁል ከወረድን ምን ስትሠሩ ከረማችሁ ይሉናል» ይለኛል። እኔም ከፍ አደርገው ነበር። ምን አውቄ! አለቃ ያለው ሁሉ ትክክል ይመስለኝ ነበር።

ጋሽ ገበየሁን ያገኘኋቸው ደብረ ማርቆስ ላይ ነው። የመንግሥት ሠራተኞች የስታቲስቲክስ መግቢያ ይማሩ ተባለና ከየወረዳው ተሰበሰብን፤ የጤናው፣ የግብርናው፣ የትምህርቱ፣ የፖሊስ መዝገብ ያዥ ሳይቀር። አልዋሽም፣ አብዛኞቻችን ያመጣን አበሉ ነው። ጋሽ ገበየሁ ቀጭን፣ ኮታቸው ሁልጊዜ ጠመኔ የነካው፣ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሰው ነበሩ። ዕድሜ ልካቸውን በየገጠሩ በእግራቸው እየዞሩ ቤትና ማሳ ሲቆጥሩ የኖሩ ናቸው።

በመጀመሪያው ቀን «ከቤታችሁ እስከ ቢሯችሁ ስንት ደቂቃ ትሄዳላችሁ?» ብለው አንድ በአንድ ጠየቁን። ግማሾቻችን ከቢሯችን ጀርባ ነው የምንኖር፤ የቀሩት ከገጠር እየተመላለሱ የሚሠሩ ናቸው። ሁሉንም ደምረው ለቁጥራችን አካፈሉና አማካዩን ሰሌዳው ላይ ጻፉት። «አሁን ይህን ያህል ደቂቃ የሚሄድ ሰው እጁን ያውጣ» አሉ። አንድም እጅ አልወጣም። «አያችሁ፣ በዚህ ቁጥር ብቻ መንገድ ብንሠራ ለሌለ ሰው ነው የምንሠራው» አሉን።

በማግሥቱ አንድ ጆንያ ሽምብራ አስመጡና «ሙሉ፣ ነይ ናሙና ውሰጂ» አሉኝ። ከላይ አንድ እፍኝ ዘገንኩ፤ ሸጋ ሽምብራ ነው። ጋሽ ገበየሁ ሳቁ። እጅጌያቸውን ሰብስበው ክንዳቸውን እስከ ክርናቸው ጆንያው ውስጥ ከተቱና ከሥር ዘግነው አወጡ፤ ነቀዝ የበላው፣ ጠጠር የተቀላቀለበት። «ልጄ፣ ገበያ ወጥተሽ አታውቂም እንዴ? እንዲህ ገዝተሽ ብትገቢ እናትሽ ትገርፍሽ ነበር» አሉኝ። ክፍሉ ሁሉ ሳቀብኝ። አፈርኩ፤ ግን ያን ቀን ገባኝ። ያን ያህል ዓመት በታይፕ ስመታው የኖርኩት ቁጥር ከላይ ከላይ የተዘገነ መሆኑ ገባኝ። ደስታው ደግሞ! ደንቆሮ ነኝ ብዬ የኖርኩት ሴትዮ ሚዲያን የሚሉትን የመሃል ቁጥር ከአማካዩ፣ ናሙናውን ከጠቅላላው ለይቼ ማስረዳት ጀመርኩ። ከዕድሜዬ የማልረሳው ወር ያ ነው።

ከትምህርቱ በኋላ ጋሽ ገበየሁ «ይቺን ልጅ ስጡኝ» ብለው ጠይቀው ሁለት ዓመት በየቀበሌው ይዘውኝ ዞሩ። የሰብል ናሙና ስንለካ እሳቸው ገመዱን በአንድ ጫፍ፣ እኔ በሌላው ጫፍ ይዘን አራት ችካል እንተክላለን፤ ባለማሳው ካክብሮት ብዛት «እዚህ ያማረው ጋ ይለካልኝ» ሲላቸው «አንተ እንግዳ ስትቀበል ያማረህን ታቀርባለህ፤ እኔ ግን እንግዳ አይደለሁም» ይሉና ዕጣው ያወጣው ቦታ ላይ ይተክላሉ፣ አረም ይሁን ድንጋይ። የሚጽፉት በእርሳስ ነው። «እስክሪብቶ ያኮራል፤ ከጻፍሽ በኋላ መሳሳትሽን ማመን ያቅትሻል» ይላሉ። ቤቱ ሩቅ ነው ሲሏቸው ጎንበስ ብለው የጫማቸውን ክር ያጠብቃሉ።

ከሁሉ አጥብቀው የያዙት አንድ ደንብ ነበር። በዕጣ የወጣ ሰው ቤቱ ካልተገኘ ሌላ ቀን ይመለሳሉ፤ ሁለቴም ሦስቴም ይሁን። አንድ ጊዜ ለአንድ ሽማግሌ ብለን ሦስተኛ ቀን ወንዝ ስንሻገር ብስጭት ብዬ «ጋሼ፣ ጎረቤቱን ብንጠይቅ ምን ይለዋል?» አልኳቸው። ቆም ብለው አዩኝ። «ያልተገኘን ሰው በተገኘ ሰው አትተኪ። ያልተገኘበት ምክንያት አለው፤ ብዙ ጊዜ የምንፈልገውም ያንኑ ምክንያት ነው» አሉኝ። እሺ አልኩ። እሺ ማለት ምን ይቸግራል!

እሳቸው ጡረታ ወጡ። እኔ በአንድ ወረዳ የጥናት ሥራ ኃላፊ ሆንኩ።

አንድ ዓመት መስከረም ሊያልቅ ሲል በረዶ ወረደ። የበረዶን ነገር የደጋ ሰው ያውቀዋል፤ እንደ ድርቅ ሁሉን እኩል አይነካም። የአንዱን ጤፍና ስንዴ ከአፈር ቀላቅሎ የጎረቤቱን ሳይነካ ያልፋል። የተጎዱ ቀበሌዎች ተለይተው እህልና ዘር እንዲሰጣቸው ጥናት ታዘዘ። ደንቡ ግልጽ ነበር፤ በናሙናው ከተጠየቁት ቤተሰቦች ከሦስት አንዱ ሰብሉ ከግማሽ በላይ ጠፍቶበት ከተገኘ ቀበሌው እርዳታ ያገኛል፤ ካልሆነ አያገኝም።

ከቀበሌዎቹ አንዷ በዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ ናት። ቤቶቿ በየሸንተረሩ የተበተኑ ናቸው። ከግብር መዝገቡ ላይ ሠላሳ ስም በዕጣ አወጣሁ። እስከዚህ ድረስ ጋሽ ገበየሁ ቢያዩኝ ይኮሩብኝ ነበር። የቀበሌው ሊቀ መንበር አያ ደሴ ግን ዝርዝሩን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ወይዘሮ ሙሉ፣ አሁን አጨዳ ነው፤ ሰው ማሳ ለማሳ ነው የሚውል። ቤት ለቤት ቢዞሩ ሳምንትም አይበቃዎት። ከነገ ወዲያ ኅዳር ሚካኤል ነው፤ ማጭድ የሚያነሣ የለም፣ ሁሉም ቤተ ክርስቲያን ይመጣል። ለምን ከደጀ ሰላሙ ጥላ ተቀምጠው ስም እየጠሩ አይጠይቁም?»

ሸጋ ሐሳብ ነው አልኳቸው። እውነቱን ልናገር፤ ደክሞኝ ነበር። ጉልበቴን ያመኛል፣ አለቃዬ ሪፖርቱን ቶሎ ይፈልጋል፣ ገደሉም አስፈራኝ። ሌላ ምክንያት የለኝም። ቢኖረኝ እዚህ እጽፈው ነበር።

ኅዳር ሚካኤል ደረሰ። በዚያ አገር በዓመቱ በዓል የጽዋ ማኅበሩ አባል ሁሉ እንደ አቅሙ ጠላና ዳቦ ይዞ ይመጣል፤ ቄሱ ይባርካሉ፣ አብሮ ይበላል፣ ይጠጣል። ቅዳሴው ካለቀ በኋላ ከደጀ ሰላሙ አጠገብ ካለው ዋርካ ሥር ቅጼን ዘርግቼ ስም ጠራሁ። አሥራ ዘጠኙ አቤት አሉ። አሥራ አንዱ የሉም። «አሟቸው ይሆናል» አለ አንዱ። «ለቅሶ ሊደርሱ ሄደው ይሆናላ» አለ ሌላው። ፊቴ የቆመው ሕዝብ ብዙ ነው፤ ዳቦ ቆርሰው ሰጡኝ፣ ጠላ ቀዱልኝ፣ መረቁኝ። ከቆሙት ውስጥ አሥራ አንድ ሰው ጠቁሜ በቀሩት ቦታ ተካሁ። ከአሥራ አንዱ ስም አጠገብ «አልተገኘም፣ ተተክቷል» ብዬ ጻፍኩ፣ በእስክሪብቶ። ከሠላሳው ሰው ሰብሌ ከግማሽ በላይ ጠፋ ያለኝ ሁለት ብቻ ነው፤ ሁለቱም ከአሥራ ዘጠኙ ናቸው። «መጠነኛ ጉዳት» አልኩና ፈረምኩ። ቀበሌዋ ከእርዳታው ወጣች።

የካቲት ላይ አያ ደሴ ዱላቸውን ይዘው ቢሮዬ መጡ። ወንበር ሰጥቻቸው አልተቀመጡም።

«ምነው ወይዘሮ ሙሉ! ሰው እየተሰደደብኝ እኮ ነው። ምን ብታዩ ነው የተዋችሁን?»

«ማን ማን ተሰደደ?» አልኳቸው።

ስም ይጠሩ ጀመር። ሦስተኛውን ሲጠሩ ስሙን አወቅሁት። ፋይሉን አወጣሁና እሳቸው ሲጠሩ እኔ በጣቴ ተከተልኩ። የሄዱትም፣ ለመሄድ የተነሡትም፣ በሬያቸውን የሸጡትም እነዚያው «አልተገኘም» ያልኳቸው አሥራ አንድ ሰዎች ናቸው። ወረቀቱን አሳየኋቸው። አያ ደሴ ማንበብ ይችላሉ፤ ቀስ ብለው አነበቡና ዱላቸው ላይ ተደገፉ።

«ወይኔ ደሴ! በበረዶ የተመታ ሰው ምን ይዞ ከጽዋ ይመጣል? ባዶ እጁን ከሚቀርብ ታምሜያለሁ ብሎ ከቤቱ ይተኛል እንጂ። እኔ ሽማግሌው እንዴት ይህን አጣሁት?» አሉ።

እኔም የዚያው አገር ልጅ ነኝ። እናቴ ባጣች ዓመት ከማኅበር ቀርታ በሯን ዘግታ ስትውል አይቻለሁ። የተማርኩትን ስታቲስቲክስ ሁሉ ብረሳው እንኳ ይህን አውቅ ነበር። በዓሉ ራሱ የተጎዳውን ካልተጎዳው እያበጠረ ነበር፤ እኔ ፍሬውን ብቻ ቆጥሬ ተነሣሁ። አሥራ አንዱን ቤታቸው ሄጄ ብጠይቅ ኖሮ ከሠላሳው አሥራ ሦስት ይሆኑ ነበር፤ ቀበሌዋም ከነሕዝቧ እርዳታው ውስጥ ትገባ ነበር።

በማግሥቱ ሄድኩ። ያ ያስፈራኝ ገደል የግማሽ ቀን መንገድ ኖሯል። ግማሽ ቀን! ከአሥራ አንዱ ቤቶች ሦስቱ በእሾህ ተዘግተዋል። በአራተኛው ቤት ብርቄን አገኘኋት፤ ዕቃ እያሰረች ነው። በሬዋን ሸጣ በልተውታል። መሬቷን ለእኩል አራሽ ሰጥታ ታናናሾቹን ልጆቿን ይዛ ወደ ከተማ ልትወርድ ነው። የበኩር ልጇ እናኑ ትምህርቷን አቋርጣ ከደላላ ጋር ተነጋግራለች፤ ዐረብ አገር ልትሄድ። ልጅቱ ከምሰሶው ተደግፋ ቆማ ታየኝ ነበር።

«ኅዳር ሚካኤል ለምን አልመጡም?» አልኳት ብርቄን።

«ምን ይዤ ልምጣ እመቤቴ? ብቅሉን ከየት አምጥቼ? ከበሩ ውስጥ ሁኜ ደወሉን እየሰማሁ ሳለቅስ ዋልኩ።» ቀና ብላም፣ «አሁንስ ስማችን ይጻፍ ይሆን? እህሉ ቢመጣ እኮ ልጄን አልሰድም ነበር» አለችኝ።

«እሞክራለሁ» አልኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው አላልኳትም። ፈራሁ።

ሠንጠረዡን አስተካክዬ ለአለቃዬ አቀረብኩ። ጭራሽ አልተቆጣም፤ ያ ነው የገደለኝ። «ሙሉ፣ ሪፖርቱ ሄዷል፣ እህሉም ተደልድሏል» አለኝ። «አሁን ይህን ተሳስቻለሁ ብትዪ የሌሎቹን ቀበሌዎች ቁጥር ማን ያምንሻል? ለሚመጣው ዓመት ተጠንቀቂ።» ከእሱ በላይ ላለው መጻፍ እችል ነበር። ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ ጀመርኩት። የማሳድጋቸው ልጆች ነበሩኝ፤ ከሥራ እባረራለሁ ብዬ ሰጋሁና ቀደድኩት። ብርቄም በዚያው ሳምንት ወረደች፤ ልጅቱም ሄደች።

ለጋሽ ገበየሁ ልናዘዝ ደብረ ማርቆስ ቤታቸው ሄድኩ። ዓይናቸው ደክሞ ነበር። ሁሉንም ነገርኳቸው። «አይዞሽ፣ ሁላችንም ተሳስተናል» እንዲሉኝ ነበር የፈለግሁት። አላሉኝም። «ስማቸውን ታውቂዋለሽ?» ብለው ጠየቁኝ። አሥራ አንዱንም በቃሌ ጠራሁላቸው። «እንግዲያው ሌላ የምነግርሽ የለኝም» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ከዚያ ወዲህ አልሄድኩም። ሲያርፉ ለቅሷቸው ላይ ከሰው ጀርባ ቆሜ ተመለስኩ።

ቀጣዮቹን ዓመታት ደብረ ማርቆስ ተዛውሬ በእሳቸው ቦታ መግቢያ ስታቲስቲክስ አስተማርኩ። የናሙና ትምህርት ላይ ስደርስ የሚካኤሉን ታሪክ እነግራቸዋለሁ፤ «አንዲት ባለሙያ ነበረች» ብዬ። ተማሪዎቹ «ምን ዓይነቷ ደደብ ናት!» ብለው ይስቃሉ። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ሥልጠናው ሲያልቅ ምስክር ወረቀታቸውን ይዘው ይሄዳሉ፤ ከዚያ ቢሮ ተቀምጠው ሊቀ መንበሩን በስልክ እየጠየቁ ቅጽ ይሞላሉ። አሁንማ መንገዱ አንዴ ሲከፈት አንዴ ሲዘጋ ሰበብም አላጡ። ያን ሁሉ ዓመት ያስተማርኩት ትምህርት አንድ ሰው ከወንበሩ አንሥቶ ወንዝ ማሻገሩን እጠራጠራለሁ። ተስፋ ቆርጬ ነው ከሥራ የወጣሁት፤ ይህን መሸሸግ አልፈልግም።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ብርቄን መፈለግ ጀመርኩ። አያ ደሴን ጠየቅሁ፤ እዚሁ ደብረ ማርቆስ ናት አሉኝ። ስንት ዓመት አንድ ከተማ ውስጥ ኖረናል! አንድ ጠዋት ከገበያው ዳር ላስቲክ አንጥፋ ጎመን ስትሸጥ አገኘኋት። አርጅታለች። አላወቀችኝም። ከጎኗ መሬት ላይ ተቀመጥኩ፤ «ኧረ ልብስዎ ይቆሽሻል» ብላ ማዳበሪያ ልታነጥፍልኝ ተነሣች። ያዝኳትና ነገርኳት። ስለ ዕጣው፣ ስለ ሠላሳው ስም፣ ከደጀ ሰላሙ ተቀምጬ ስሟን ስጠራ እንደቀረች፣ በእሷ ቦታ የጠገበ ሰው እንደጻፍኩ፣ አለቃዬ ተይው ሲለኝ ዝም እንዳልኩ፣ አንድም ሳላስቀር ነገርኳት።

ጎመኑን መደርደር ትታ አየችኝ።

«እርስዎ ነዎት እንዴ?» አለችኝ። «እኔ እኮ እህሉን የከለከለን ሚካኤል ነው ብዬ። በበዓሉ ቀን ከጽዋው ስለቀረሁ ተቀየመኝ ብዬ ይኸው እስከዛሬ በየወሩ እሰግዳለሁ። ለንስሐ አባቴም ተናግሬ ቀኖና ተቀብያለሁ።»

«ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እሜቴ። ይቅር ይበሉኝ።»

የሰማችኝ አይመስለኝም። እጇ ላይ የቀረችውን የጎመን ቅጠል እያገላበጠች ነበር።

«እናኑ ልትሄድ ስትል» አለች፣ «‹እማዬ፣ እኛን ብቻ ለይቶ የተወን ምን አጥፍተን ነው?› ብላ ጠየቀችኝ። እናትሽ በድላ ነው፣ ከሚካኤል ቀርታ ነው አልኳት። ይህን ይዛ ነው የሄደች።»